የነርሶቹ የይለፍ ቃል

ዳታቤዙ አሁንም "አላውቅሽም" አላት።

መፍቻ እጆቿን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈቻቸው። ከበሩ ውጭ የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃውን ይዞ ወርዷል። ሕፃን ያለቅሳል። አንድ ሽማግሌ "በእጅ ጻፉት እንጂ፤ ድሮስ በእጅ አልነበር እንዴ?" እያሉ ከመዝጋቢዋ ጋር ይከራከራሉ፤ መዝጋቢዋም "አባቴ፣ የእርስዎ ካርድ ያለው እዚያ ማሽን ሆድ ውስጥ ነው" ትላቸዋለች።

የሆስፒታሉ ሰርቨር የተቀመጠባት ጠባብ ክፍል ድሮ የአንሶላ መጋዘን ነበረች፤ የሳሙናው ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። አሮጌው ማሽን ቅዳሜና እሁድን ሲያቃስት ሰንብቶ ዛሬ ማለዳ ጸጥ ብሎ ተገኘ። መፍቻ ግን ባክአፕ፣ የመረጃው መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበራት። አዲስ ማሽን ከሣጥኑ አውጥታ፣ ዳታቤዙን ተክላ፣ የታካሚዎቹን መረጃ አንድም ሳይጎድል ገልብጣበታለች። ሁሉም ነገር ውኃ ሲወርድ እንደሚሄድ ሄዶላት ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን ዳታቤዙ ሁሉን የሚያዝበትን የዋናውን መግቢያ የይለፍ ቃል ጠየቃት። ያን ቃል የሚያውቀው ከእሷ በፊት በዚህ ሥራ ላይ የነበረው ሰው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የተሻለ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ስልኩንም ቀየረ፤ ቃሉንም በሆዱ ይዞት ሄደ።

መፍቻ መጠሪያ ስሟ አይደለም። ወረቀት የነከሰ ማተሚያ፣ የደረቀ ስክሪን፣ እምቢ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ እጇ ሲገባ ስለሚፈታ አንድ የፋርማሲ ቀልደኛ አወጣላት፤ ወጥቶ ቀረ። አሁን ዶክተሮቹም ሳይቀሩ እንደዚያ ነው የሚጠሯት።

"እንዴት ነው?" የሚል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ነበር፤ ከረባቱን አላልቶ በሩን ሞልቶ ቆሟል።

"ይከፈታል" አለች ሳትዞር።

"መቼ?"

"እርስዎ ብርሃኑን ሲለቁልኝ።"

ሥራ አስኪያጁ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። በዚህ ሆስፒታል እንደዚያ የሚናገረው ሰው ብዙ አይደለም፤ ሰልፉ ግን ደረጃው ላይ ነበርና ዋጥ አደረጋት።

መፍቻ በመጀመሪያ ያደረገችው የኔትወርኩን ገመድ መንቀል ነው። ልታደርገው ያሰበችው ነገር በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ስለሆነ፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። ከዚያ በጥቁሩ የትእዛዝ መስኮት ላይ ዳታቤዙን "ቁም" አለችው፤ ቆመ። ቀጥላ "ማንንም ሳትጠይቅ ተነሣ" የሚለውን ትእዛዝ ጻፈች። ይህን ትእዛዝ ማዘዝ የሚችለው ማሽኑ ፊት ለፊት የተቀመጠ፣ የማሽኑም ባለሥልጣን የሆነ ሰው ብቻ ነው። ነጭ ፊደሎች ተንጠባጠቡ። ዳታቤዙ ተነሣ፤ ማነሽ አላላትም። ገብታ የዋናውን መግቢያ አሮጌ ቃል ሻረች፤ በምትኩ ረጅምና ማንም የማይገምተው አዲስ ቃል ተከለችለት። እንደገና አቆመችው፤ አሁን እንደ ወጉ እየጠየቀ እንዲነሣ አደረገችው፤ ገመዱን መልሳ ሰካች።

ከዚያ የመዝጋቢዋ ድምፅ ከኮሪደሩ መጣ፦ "ገባ። አባቴ፣ ይምጡ፣ ካርድዎ ተገኘ።"

መፍቻ ወንበሯን ደገፍ አለች። አንጀቷ ራሰ።

"ስትጨርሺ ቢሮ ነይ" አላት ሥራ አስኪያጁ። ፈገግ ብሎ ነበር።

*

ቢሮው ውስጥ ለስላሳ ወንበር አቀረበላት። ሻይ ይምጣልሽ ብሎ ሲጠይቃት፣ ገና የምታጣራው ሥራ እንዳለ ነግራ አመሰገነችው።

"ይደርሳል፣ ይደርሳል" አለ። "ኮንትራትሽ ሊያልቅ ነው አይደል?"

"አዎ።"

"ቋሚ እናደርግሻለን። የክፍሉንም ኃላፊነት ላንቺ ነው ያሰብኩት። ሰው ሲሠራ ማየት ደስ ይለኛል።"

መፍቻ ይህን ወሬ ስትጠብቀው የከረመችው ነው። ግን በሥራ ዘመኗ አንድ ነገር ተምራለች፤ አለቃ ሳይጠየቅ ሲሰጥ እጁን ሳይሆን ኪሱን ማየት ነው።

"ያን ሁሉ ጊዜ የተቆለፈውን ዛሬ ቁጭ ብለሽ ከፈትሽው" አለ። "እንግዲያው የሌሎቹ አይከብድሽም።"

"የየትኞቹ?"

"የሠራተኞቹ። በተለይ የነርሶቹ።"

"ነርሶቹ የይለፍ ቃላቸው አልጠፋባቸውም።"

"እኔን ነው የጠፋኝ" ብሎ ሳቀ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ባለፈው ሰሞን የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው እንደነበር ታውቂያለሽ። ከውስጣችን አንዱ ደውሎ ነው ያመጣቸው። የቀዶ ጥገናው ዕቃ ከጀርም የሚጸዳበት መቀቀያ ተበላሽቷል ብሎ።"

"ተበላሽቷል እንዴ?"

"እሱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው፤ አዲስ ታዟል። የኔ ጉዳይ ከጓዳዬ ወሬ የሚያወጣው ማን ነው የሚለው ነው።"

"በሆስፒታሉ ሲስተም ላይ የተጻፈ መልእክት ከሆነ የሚፈልጉት፣ በሕጉ መሠረት በደብዳቤ ይዘዙኝ፤ እሱ የሆስፒታሉ ንብረት ነው። ለዚያ የማንም የይለፍ ቃል አያስፈልገንም።"

"እዚያ ላይ የትኛው ሞኝ ይጽፋል? የሚያወሩት በግል ስልካቸው፣ በግል ኢሜይላቸው ነው።" ወደ እሷ አጎነበሰ። "ሰው ግን ያለው አንድ የይለፍ ቃል ነው። እዚህ የሚያስገባውን እዚያም ያስገባል። ውሸት ነው?"

ውሸት አልነበረም። ይህን በራሱ እንዳላሰበው፣ አንድ የሚያውቅ ሰው እንደነገረው ገባት።

"የይለፍ ቃል እንደተጻፈ አይቀመጥም" አለችው። "ተፈጭቶ ነው የሚቀመጠው። እኔም ብሆን የማየው ዱቄቱን ነው። ዱቄት ደግሞ ወደ እህል አይመለስም።"

"አይመለስም። ግን እየገመትሽ የራስሽን እህል ብትፈጪና ዱቄት ከዱቄት ብታስተያዪ?"

መፍቻ ቀና ብላ አየችው።

"አንድ ልጅ አማክሬ ነው" አለ ሥራ አስኪያጁ ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። "ለዚህ ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም አለ አሉ፤ ማሽኑ ራሱ እየገመተ ይፈጫል። ልጁ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። አንቺ ካደረግሽው ግን ለምን የውጭ ሰው እናስገባለን? ቤታችንን በቤታችን።"

"ልየው" ብላ ተነሣች።

ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ያችን "ልየው" ያለችበትን ምላሷን ልትነክሰው ፈለገች። እምቢ ማለት አንድ ቃል ነው፤ እሷ ግን ያን ቃል ከአፏ ሳታወጣ ቋሚነቱን በልቧ ስታላምጥ ነበር።

*

ሥራ አስኪያጁ የተናገረለትን መሣሪያ ታውቀዋለች። ማሽኗ ላይም አለ። እንዲህ ያለው መሣሪያ የተሠራው እንደ እሷ ያለ ሰው የገዛ ቤቱን በር እየገፋ ይጠነክር ወይም ይላላ እንደሆነ እንዲያይበት ነው። በክፉ እጅ ሲገባ ደግሞ የሰው በር መግፊያ ነው።

በሩን ዘግታ ከሠራተኞች ስም ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ነጥላ አወጣች፤ የራሷን። የተለመዱ ቃላትና የሰው ስሞች ያሉበትን ዝርዝር ለመሣሪያው ሰጥታ አስነሣችው። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ለመቀመጥ ስትመቻች መልሱ ስክሪኑ ላይ ነበር። የልጇ ስም፤ ከጎኑ የተወለደችበት ዓመት።

ፊቷ ጋለ። ሰው ሁሉ ፊት "ጠንካራ ቃል ምረጡ" እያለች የምትለፍፈው እሷ ነች። ይህችኑ ቃል ኢሜይሏም ላይ፣ ስልኳ ውስጥ ያለው ባንክም ላይ አኑራታለች። የኔ እንዲህ በቅጽበት ከወደቀ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ እየጣላቸው የሚገቡት ነርሶች ቃል እስከ ምሳ ሰዓትም አይተርፍም፣ አለች በልቧ። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ያኖረው የመፍጫ ስልት አሮጌ ነው፤ ቀላልና ፈጣን፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ከመረጡ ዱቄታቸውም አንድ ነው።

ዝርዝሩ ፊቷ ላይ እንደተከፈተ ነበር። ዓይኗ ሳታዘው ወደ ታች ወረደና አንድ ስም ላይ ቆመ። የቀዶ ጥገና ክፍሉ ዋና ነርስ፤ ሰው ሁሉ በሌለችበት "ጄኔራሏ" የሚላት። አንድ ቀን መፍቻ ገመድ ልትዘረጋ ወደ ክፍሏ ስትገባ፣ ጄኔራሏ በዶክተሮቹ ፊት "አንቺ ልጅ፣ ሽቦ መጎተቻሽን ይዘሽ ከክፍሌ ውጪልኝ፤ እዚህ ሰው ነው የሚታከመው" ብላ አሸማቃታለች። ያን ቀን መፍቻ መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን ታጥባ ነው የወጣችው።

የጄኔራሏ መስመር እዚያው ነበር። አንድ ቁልፍ መጫን ነው የቀረው። ማንም አያይም። ጣቷ ቁልፉ ላይ አረፈ፤ የሚሰማት ደስታም አሳፈራት። ዝርዝሩን ዘጋችው።

ለባሏ ደወለች። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ በዚህ ሰዓት መነሻው ላይ ተራ ይጠብቃል። ሁሉንም ነገረችው።

"እና ምን አልሽው?" አላት።

"ልየው አልኩት።"

"ጎሽ።"

"አትቀልድ። አንተ ምን ትላለህ?"

ከኋላው የሞተር ድምፅና የተሳፋሪ ጫጫታ ይሰማል። ጥቂት አሰበ።

"ብታደርጊው ማንም አያውቅም ይሆናል። እኔ ግን ማታ ስትገቢ ፊትሽን አይቼ አውቃለሁ። ያን ፊት ይዘሽ ከምትመጪ ሥራ ፈትተሽ ብትመጪ ይሻለኛል።" ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረ፦ "አልፈራሁም ግን አላልኩሽም። የልጅቷ ትምህርት ቤት አለ፣ ቤቱ አለ። ፈርቻለሁ።"

"እኔም ፈርቻለሁ።"

"በይ እንግዲህ፣ ሁለታችንም ከፈራን አንዳችን ሌላችንን አናስፈራራም። ተራዬ ደረሰ።"

ስልኩን ዘጋ።

*

የሆስፒታሉ ፕሮግራም አዲሱን የመፍጫ ስልት ከተሠራ ጀምሮ በውስጡ ይዟል፤ የቀድሞው ባለሙያ አላበራውም ነበር እንጂ። መፍቻ አበራችው። አዲሱ ስልት ቀርፋፋ ነው፤ ሆን ተብሎ የቀረፈፈ። በዚያ ላይ እያንዳንዱን ቃል ከመፍጨቱ በፊት የየራሱን ጨው ይነሰንስበታል። በሙያው ቋንቋም ስሙ ጨው ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ቢመርጡም ዱቄታቸው አይመሳሰልም፤ ገማቹም ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው እየጀመረ ዕድሜውን ሲፈጭ ይኖራል። ከዚያ አሮጌውን የዱቄት ዝርዝር ከአዲሱ ዳታቤዝ አጥፍታ፣ ሠራተኛው ሁሉ በሚቀጥለው ጊዜ ሲገባ አዲስ ቃል እንዲመርጥ አደረገች።

ይህ ግን ግማሹ ሥራ ነው። አሮጌው ዱቄት ባክአፑ ላይ አለ። ባክአፑን ማጥፋት ደግሞ የታካሚዎቹን መረጃ መጠባበቂያ ማጥፋት ነው፤ ነገ ይህም ማሽን ቢሞት ያ ሁሉ ሰልፍ ካርድ የለውም። እሱን አልነካውም ብላ ተነሣች። በእግሯ ልትዞር ነው።

ከካርድ ክፍሉ ጀመረች። ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ፣ የሕፃናት ክፍል፣ የወላዶች ክፍል። በየደረሰችበት ሰብሰብ አድርጋ አንድ ነገር ነው የምትናገረው።

"የይለፍ ቃላችሁን ዛሬ ትለውጣላችሁ። እዚህ ብቻ አይደለም። ይህንኑ ቃል ሌላ ቦታ የምትጠቀሙበት ካላችሁ፣ ኢሜይልም ይሁን ባንክ፣ እዚያም አሁኑኑ ለውጡ። ለከሰዓት አታቆዩት።"

"ምን መጣ ደግሞ?" አለች አንዲት የወላዶች ክፍል ነርስ ጓንቷን እያወለቀች።

"የድሮው አቀማመጥ ደካማ ነው፤ ሊሰበር ይችላል። ሊሰብረው የሚፈልግ ሰውም አለ።"

"ማነው?"

"ሥራ አስኪያጃችን። በግል ስልካችሁ የምታወሩትን ማወቅ ፈልጓል። እኔን አዞኝ ነበር፤ አላደርገውም።"

ነርሷ ጓንቷን ቅርጫት ውስጥ ጥላ ስልኳን አወጣች። ሌሎቹም አወጡ። መፍቻ ስትወጣ አንዷ ትከሻዋን ያዝ አድርጋ ለቀቀቻት።

የቀዶ ጥገናው ክፍል የመጨረሻው ነበር። ሆን ብላ ነው ያስቀረችው።

ጄኔራሏ መቀቀያው ማሽን ፊት ቆማ ነበር፤ ወገቧን ይዛ፣ የማይታዘዝ ልጅ እንደምታይ። የማሽኑ በር ጎማ ተበልቶ እንፋሎቱ በጎን እየሾለከ ይወጣል። አንድ ሰው ፎጣ ጠምጥሞበታል፤ ፎጣው ይንጠባጠባል።

"ደግሞ ምን ልትጎትቺ መጣሽ?" አለች ጄኔራሏ።

"ምንም ሲስተር። አንድ ነገር ልንገርዎት ነው።"

ነገረቻት። ጄኔራሏ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማቻት፤ ይህም ከእሷ የማይጠበቅ ነው።

"ማን እንደደወለ ታውቂያለሽ?" አለቻት በመጨረሻ።

"አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።"

"እኔ ነኝ ብልሽስ?"

"አልጠየቅሁዎትም፤ አይንገሩኝ።"

ጄኔራሏ ወደ ማሽኑ ዞረች።

"ይህን ታያለሽ? ግፊቱን አይዝም። በመድኃኒት ዘፍዝፈን እናወጣለን፤ በቂ አይደለም። ላይኛው ክፍል የተኛች አንዲት ልብስ ሰፊ አለች። ቀላል ቀዶ ጥገና ነበር፤ ቁስሏ ተመልሶ ተከፈተ። መቀሱን ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ።" እጇን ዘርግታ አየችውና ኪሷ ከተተችው። "ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አዲስ ታዟል ተባሉ፤ በሩ ላይ ቆመው አይተው ሄዱ። ጥቆማው ስም የለውም፣ ስም የሌለው ነገር ከዚህ አይራመድም አሉ። እኔ ለጡረታዬ ጥቂት ነው የቀረኝ። እናቴን የማስታምመው በዚችው ደመወዝ ነው። ጀግና ነሽ ይሉኛል፤ አይደለሁም።"

መፍቻ ኮምፒውተሩን አሳየቻት።

"አዲስ ቃል ይምረጡ።"

"ዞር በይ።"

"ዞሬያለሁ።"

"በደንብ ዙሪ።"

መፍቻ ፊቷን ወደ ግድግዳው አደረገች። ከኋላዋ የቁልፎች ድምፅ ተሰማ፤ አንድ በአንድ፣ በአንድ ጣት።

"አጭር ነው ይለኛል።"

"ያርዝሙት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያድርጉት፤ እርስዎ ብቻ የሚያስታውሱት።"

"ስድብ ይቻላል?"

"እንደሱ የሚታወስ የለም።"

ድምፁ ቀጠለ። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነበር። ሲያልቅ ጄኔራሏ ጉሮሮዋን ጠርጋ "ተቀበለኝ" አለች። የሆነ ነገር የቀለላት ትመስላለች። መፍቻ በሩ ጋ ስትደርስ ጠራቻት፦ "አንቺ ልጅ።" መፍቻ ዞረች። "ያን ቀን በሰው ፊት መናገር አልነበረብኝም" አለችና መልሷን ሳትጠብቅ ፎጣውን ልትጨምቅ ሄደች።

*

ወደ ሰርቨሩ ክፍል ስትመለስ ሥራ አስኪያጁ እዚያ ነበር። ወንበሯ ላይ ላፕቶፕ የታቀፈ ወጣት ባለሙያ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው።

"እንኳን መጣሽ" አለ ሥራ አስኪያጁ። "አሳዪው።"

መፍቻ የሠራተኞቹን ዝርዝር ከፈተችለት። ወጣቱ ጥቂት አየና ፀጉሩን አከከ።

"ጨው አለበት" አለ።

"የምን ጨው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"የአፈጫጨት ስልት ነው ጌታዬ። ዛሬ ነው የተቀየረው። ይህን በግምት ልስበር ብል ሁላችንም አርጅተን እንሞታለን።" ወደ መፍቻ ቀና አለ። "ባክአፕስ?"

"መሳቢያው ውስጥ አለ" አለች። "የታካሚዎች መረጃ ስላለበት አልነካሁትም። አሮጌው ዱቄትም እዚያ ላይ አለ። ብትሰብረው ይሰበርልሃል፤ የሚወጣልህ ግን የትናንት ቁልፍ ነው። ዛሬ በሮቹ ሁሉ ተቀይረዋል። እዚህም፣ በየስልካቸውም።"

"ማን ነገራቸው?" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"እኔ። ክፍል ለክፍል ዞሬ።"

"ምን ብለሽ?"

"እውነቱን ነው የነገርኳቸው።"

የሥራ አስኪያጁ አንገት ቀላ። ወጣቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና ላፕቶፑን ዘጋ።

"እኔ የተነገረኝ ሠራተኞቹ የረሱትን የይለፍ ቃል መልሼ እንዳወጣላቸው ነበር" አለ። ቦርሳውን አንግቶ መፍቻ አጠገብ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የኔም ኢሜይል የይለፍ ቃሉ ከሌላው ጋር አንድ ነው፤ ልሂድና ልለውጠው" ብሏት ወጣ።

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። የማሽኑ ማራገቢያ ያጓራል።

"የማነው ይህ ሆስፒታል?" አላት ሥራ አስኪያጁ።

"ሆስፒታሉ የእናንተ ነው። የነርሶቹ ኢሜይል ግን የነርሶቹ ነው።"

"ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ነው የምትናገሪኝ።"

"ዛሬ ጨው ላይ ስለዋልኩ ይሆናል።"

ማለቷን ራሷም አላመነችም። ሥራ አስኪያጁ እጁን ዘረጋ። "የዋናውን የይለፍ ቃል ስጪኝ።"

ይህን ስታስብበት ነበር። ከመሳቢያው የታሸገ ፖስታ አውጥታ ሰጠችው።

"ካዝና ውስጥ ይቀመጥ። እኔ ባልኖር የሚመጣው ባለሙያ ይከፍተዋል። እንደ ቀድሞው ባለሙያ በሆዴ ይዤው አልሄድም፤ የኛን ጠብ ዕዳ ታካሚው አይከፍልም።"

ሥራ አስኪያጁ ፖስታውን ገለባብጦ አየው። ሲናገር ቁጣው ወርዶ ድምፁ ለስልሷል፤ ይህ ይበልጥ አስፈራት። ዛሬ ጠዋት ያንን ሰልፍ አይቷል፤ ነገም ማሽኑ እምቢ ቢል ማንን እንደሚጠራ ያውቃል።

"ዛሬ ደክመሻል" አላት። "ቤትሽ ሂጂ፣ እረፊ። ነገ ጠዋት ቢሮዬ መጥተሽ ይቅርታ ትጠይቂኛለሽ፤ ለሠራተኞቹም በስህተት እንደተናገርሽ ታስረጃለሽ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩ እዚያው ይቀራል። የቋሚነቱም ነገር እንዳለ ነው። ቂመኛ ሰው አይደለሁም።"

መፍቻ ቦርሳዋን አነሣች። አንገቷን አልነቀነቀችም፤ አዎም እምቢም አላለችም። እሱ ግን ዝምታዋን እሺ ብሎ ወሰደው፤ ወደ በሩም መንገድ ለቀቀላት።

*

ከሆስፒታሉ በር ውጭ ጠያቂዎች የሚያርፉበት አግዳሚ ወንበር አለ። መፍቻ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። አጠገቧ አንድ ሰውዬ የምግብ ሣህን በጉልበቱ አቅፎ የመግቢያ ሰዓት ይጠብቃል። ምናልባት የልብስ ሰፊዋ ባል ነው፤ ምናልባትም አይደለም።

ስልኳን አወጣች። የተቆጣጣሪዎቹን ቢሮ ቁጥር ለማግኘት አልተቸገረችም፤ ስትወጣ ከእንግዳ መቀበያው ግድግዳ ገልብጣዋለች፤ ለሕዝብ የተለጠፈ ነው፤ ማንም ስለማያነበው እዚያው ደብዝዞ ኖሯል።

ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጠራ። አንድ የደከመ የወንድ ድምፅ አነሣው።

"ጥቆማ ነው ወይስ ጥያቄ?"

"ጥቆማ ነው" አለች። ስለ መቀቀያው፣ ስለ ተበላው ጎማ፣ ስለ ፎጣው ነገረችው። ዛሬ በዓይኗ እንዳየችው ነገረችው። ቀድሞ የደወለውን ሰው ለማግኘት የሠራተኞችን የይለፍ ቃል እንድትሰብር ታዝዛ እንደነበርም ነገረችው። ሰውዬው ይጽፋል፤ የብዕሩ ድምፅ አይሰማም፤ ግን በመካከሉ "እህ… ቀጥይ" ይላል።

"ስለዚህ ሆስፒታል ከዚህ በፊትም ጥቆማ ደርሶናል" አላት ጽፎ ሲጨርስ። "ምስክር ስላልነበረው ተዘግቷል። ስም መናገር ግዴታ አይደለም፤ ሳይነገርም ይመዘገባል። ምን ልበል?"

መፍቻ ቀና ብላ የሆስፒታሉን በር አየች። ዘበኛው ለአንድ አምቡላንስ ሰንሰለቱን ያወርዳል። ነገ ጠዋት በዚህ በር መግባት ትችላለች፤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄዳ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ ሁለት ቃል መናገር ነው። ስሟን ካወጣች ግን ያ መንገድ ተዘጋ። ባሏ "ፈርቻለሁ" ያለበት ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ አለ። ልጇ ማታ የቤት ሥራዋን ዘርግታ ትጠብቃታለች።

"እየሰማሽኝ ነው?" አላት ሰውዬው።

"እየሰማሁ ነው። ስሜ ይመዝገብ።"

"እሺ፣ ማን ልበል?"

ነገረችው። ሰው የሚጠራትን ሳይሆን እናቷ ያወጣችላትን፤ የአባቷን ስም አስከትላ፣ የአያቷንም ጨምራ፣ ለመጻፍ እንዲመቸው ቀስ ብላ። አጠገቧ ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አያት።

"አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ" አላት ድምፁ፤ አሁን በእርስዎ ነበር።

ደገመችለት።